የተስፋጋብር ስእለትና የሰናይት ምጣድ

ተስፋጋብር በሰው አገር፣ ካትዌ በሚባል ሰፈር ብረት ሲበይድ አሥራ አንድ ዓመት የኖረ ሰው ነው። ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ሳያነብ አይፈርምም፤ ሰው የቀዳለትንም ውኃ ወደ ብርሃን አንሥቶ ሳያይ አይጠጣም። ባለፈው ሰኔ ሚስቱ ጽጌ በኮሮና ታማ በኦክስጅን ስትተነፍስ፣ «ካተረፍክልኝ መጪውን ሁዳዴ አንዲት ቀን ሳላጎድል እጾማለሁ» ብሎ ተሳለ። ጽጌ ዳነች። የ2014 ዓ.ም. ሁዳዴ በገባ ጊዜ እርሱም ቃሉን ያዘ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀምስ አርባ ቀን ደፈነ።

በአርባ አንደኛው ቀን ሰናይት ደወለችለት። ይህች ሴት በናካዋ ሰፈር ቬጋን የሚሉትን ምግብ ቤት የከፈተች ናት፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማይገባበት ነው ተብሎለታል። የወጥ ቤቷን ትልቅ የብረት ምጣድ የሠራላት ተስፋጋብር ነበር።

«አያ ተስፋጋብር፣ ምጣድዎን መጥተው፣ በልተውበት አይባርኩትም እንዴ?»

«ሌላ ነገር አይነካውም?»

«ምን ሊነካው! እኛ ቤት ዓመቱን ሙሉ ሁዳዴ ነው።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ደረሰ። የጠረጴዛው ላስቲክ ልባስ እየተጣበቀ ክንዱን ያዘው፤ በብርጭቆው ጠርዝ ላይ የሌላ ሰው ከንፈር ታትሞ ቀርቷል። እንጉዳይ የተጠቀለለበት ቂጣ መጣለት፤ ዳሩ ያረረ፣ መሐሉ ሊጥ። አንድ ጎረሰ። ሁለተኛውንም ጎረሰ። ሦስተኛውን ከአፉ መልሶ በወረቀት ጠቀለለና የጓዳውን መጋረጃ ገለጠ።

አብሳዩ በኋላ መስኮት ለተሰለፉ ቦዳ ነጂዎች እንቁላል እየሰበረ ሮሌክስ የሚሉትን የእንቁላል ቂጣ ይጠቀልላል። የሚጠብስበት ምጣድ ያው ነው፤ ተስፋጋብር በገዛ እጁ የበየደው መገጣጠሚያ ላይ የእንቁላል ነጭ እንደ ንፍጥ ተጋግሮበታል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ።

«ውይ፣ ለነሱ እኮ ነው!» አለች ሰናይት ከኋላው ደርሳ። «በጎመን ብቻ ቤት ይቆማል እንዴ?»

«በዚህ ምጣድ ላይ?»

«እንጠርገዋለን!» ብላ ጨርቁን አነሣችለት። ጨርቁ ቢጫ ሆኖ ደርቋል፤ ዝንብም አብሮት ተነሣ። «እርስዎ ደግሞ! የጾሙት እርስዎ እንጂ ምጣዱ መች ጾመ?»

መስኮቱ ላይ የቆሙት ነጂዎች ነገሩ ባይገባቸውም ሳቁ። ተስፋጋብር መጋረጃውን ለቆ ወጣ። ከመንገዱ ቦይ ዳር አጎንብሶ ያችኑ የበላትን አስመለሳት፤ አፉንም ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠ። ሽታው ግን አፍንጫው ውስጥ ተቀምጦ እቤቱ ድረስ አብሮት ገባ።

ጽጌ ታሪኩን ሰምታ፣ «ሳታውቅ የበላኸው አይቆጠርብህም፤ የንስሐ አባትህ ቄሱም ይህንኑ ይሉሃል» አለችው።

ተስፋጋብር ቀኝ እጁን በሳሙና ታጥቦ ተቀመጠ።

«የመጀመሪያውን ሳላውቅ ነው» አለ። «ያን ጊዜውኑ እንቁላል ሸተተኝ። ሁለተኛውን የጎረስኩት ሸትቶኝ ነው። ርቦኝ ነበር።»

ጽጌ ቀና ብላ አየችው። በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅበት ነበር፤ ስእለቱ የተገባው ስለ እርሷ ነፍስ ነውና አልሳቀችም።

«እንግዲያው የምጣዱን ነገር ትተህ ለቄሱ ይህንን ንገራቸው» አለችው።

ተነሥቶ ቀኝ እጁን እንደገና በሳሙና ታጠበ፤ ጣቶቹን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተና ፊቱን አዞረ። በማግስቱ ዎርክሾፑን ሳይከፍት፣ የሰናይትን ስም ላለማንሣት ወስኖ፣ ወደ ቄሱ ሄደ።