የኳስ ቀላቢው ጣቶች

እስቲ እነዚህን ጣቶች እዩልኝ። በርሚንግሃም፣ ኦዴል ፀጉር ቤት በር ዳር የተቀመጡት ሽማግሌ ጣቶች ናቸው። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ዞሯል፤ ጥቁሮች ከነጮች ተለይተው በራሳቸው የቤዝቦል ሊግ በሚጫወቱበት ዘመን ኳስ ሲቀልቡ የተሰበሩ ናቸው። ማዶ ያለው ምግብ ቤት ዛሬ ለእኛ ለጥቁሮችም ክፍት ነው፤ እሳቸው ግን ዳቦአቸውን በወረቀት ጠቅልለው ይመጣሉ። ያኔ ቡድኑ በአውቶቡስ ሲዞር ጥቁር የሚያስገባ ምግብ ቤት ስላልነበረ፣ ለምደውት ቀሩ።

ቅዳሜ ስታዲየሙ የድሮ ተጫዋቾችን ያከብራል። እሳቸውን ግን የስታዲየሙ ሰዎች «መጫወትህን በትልቁ ጋዜጣ አረጋግጥ» ብለው መለሷቸው። ስማችንን ላለመጻፍ በማለው ጋዜጣ!

«አባባ፣ ኳሷ ብታመልጥዎት ነዋ የረሱዎት!» አለ ኦዴል መቀሱን እያንቀጫቀጨ።

«ከእኔ እጅ ኳስ አታመልጥም፤ ከአንተ መቀስ ደግሞ የደንበኛ ጆሮ!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሳቸው ግን እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

እናንተ የሰፈሬ ሰዎች፣ የእናቶቻችሁን መሳቢያ ፈትሹ። ፊቱን በብረት ጭምብል ሸፍኖ ቁጢጥ ያለ የኳስ ቀላቢ ፎቶ ካገኛችሁ፣ ፊቱን ተዉትና ጣቶቹን እዩ። እነዚህ ከሆኑ፣ ከቅዳሜ በፊት አምጡልን።