ከበደሳ እስከ አሰበ ተፈሪ በጀርባዬ ተንጋልዬ

በደርግ ዘመን በደሳ አስተምር ነበር። አንድ ቅዳሜ ቡና ከጫነ መኪና ላይ ወድቄ አንገቴን ተጎዳሁ። ወደ አሰበ ተፈሪ ሆስፒታል ይዛኝ የሄደችው የጤና ጣቢያችን ነርስ ሲስተር ዘነበች ናት። አንገቴን ግራና ቀኝ በአሸዋ ከረጢት ደግፋ የጤና ጣቢያው ላንድሮቨር ውስጥ በጀርባዬ አስተኛችኝና መርፌ አወጣች።

«መምህር፣ ይሄ ህመሙን ያስታግስልዎታል፤ ግን ሊያቅለሸልሽዎት ይችላል። ተንጋለው ካስታወኩ ደግሞ ወደ ሳንባዎ ይገባል። ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የምሰጥዎት። ትንሽ እንኳ ካቅለሸለሸዎት ቶሎ ይንገሩኝ።»

መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። እሷ ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ይዛ ሾፌሩን «አብዶ፣ ሱታ! ቀስ በል!» ትለዋለች። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ ምራቄ አፌን ሞላው።

«ሲስተር፣ መጣብኝ!»

መኪናውን አስቆመች። እሷ ጭንቅላቴን፣ አብዶ ትከሻዬንና ወገቤን ይዘው እንደ ግንድ ባንዴ በጎኔ አዞሩኝ። በሩን አስከፍታ ነፋስ አስገባችልኝ፤ ማስታወክ የሚከለክል መርፌም ጨመረችልኝ። «በአፍንጫዎ በዝግታ ይተንፍሱ» እያለች ጠበቀችኝ፤ አለፈልኝ። እንደዚያ የረጋ እጅ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ሆስፒታል ደርሰን ለሐኪሙ እንዳስረከበችኝ ሮጣ ወጣች። ወዲያው ከውጭ የትውከት ድምፅ ሰማሁ።

«ምን ሆነች?» አልኩት አብዶን ደንግጬ።

«ምንም አልሆነች» አለኝ እየሳቀ። «ሲስተር መኪና አይስማማትም። ሁልጊዜ በሽተኛውን ካስረከበች በኋላ ነው የሚያስመልሳት።»