ዛሬ ስንት ሰው አየኝ?

ባለፈው ሰኞ ከቢሯችን ወጣቶች አንዷ ላፕቶፗን ታቅፋ እየሮጠች መጣች። አዲስ የሠራችውን ድረ ገጽ የጎበኘው ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዴት እንደበዛ ልታሳየኝ ነው። ቁጥሩን አየሁና «ከዚህ ውስጥ የእኛው ስንቱ ነው?» አልኳት። ፊቷ ቅጭም አለ። ደስታ አጥፊ ሽማግሌ ሳልመስላት አልቀረሁም። ጢሜ ላይ ሽበት ጣል ጣል ማለቱ እውነት ነው። ቁጥር አለማመን ግን ከሽበቱ በፊት የመጣብኝ አመል ነው፤ ያስተማረችኝም ኛቦል የምትባል ልብስ ሰፊ ናት።

ያኔ ትምህርቴን እንደጨረስኩ ነበር። ድረ ገጽ የምንሠራባት ቢሮ ከጋምቤላ ገበያ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ሁለት ነበርን፤ ዲዛይኑን እኔ፣ ኮዱንና ሰርቨሩን ኦጁሉ። ኦጁሉ በዕድሜም በእውቀትም ይበልጠኛል፤ ቃል ማውጣት ላይ ግን ይሰስታል። የጣሪያው ቆርቆሮ ከረፋዱ ጀምሮ ስለሚግል ያለንን አንድ ቬንቲሌተር ወደ ኮምፒውተሩ አዙረን እኛ በላብ እንጠመቃለን። ያም ሆኖ ደስተኛ ነበርኩ፤ ዓለምን የምሠራት ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያው የኮራሁበት ሥራ የሀጂ ኑሩ የጨርቅ ሱቅ ገጽ ነው። ስክሪኑ ላይ ጣት ሲያርፍ ጨርቁ እንደ መጋረጃ ይገለጥና፣ በሱቁ በረንዳ ላይ ልብስ የምትሰፋው ኛቦል በፎቶ ከኋላው ብቅ ትላለች፤ ቀና ብላ፣ አንድ እጇን የስፌት መኪናዋ ላይ አሳርፋ። ከግርጌው ደግሞ ገጹ በተከፈተ ቁጥር አንድ የሚጨምር ቆጣሪ አስገባሁበት። ማንም አላዘዘኝም፤ የሚያምር መስሎኝ ነው።

ኛቦል ፎቶዋን ባሳየኋት ጊዜ አልሳቀችም፣ አላፈረችም። «ይሄ ናይሮቢ ይታያል? ጁባም?» አለችኝ።

«የትም ይታያል» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ታናሽ ወንድሟ ጋትሉዋክ ከድንበሩ ማዶ ግርግር በተነሳ ጊዜ ከጠፋባት ዓመታት አልፈው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ስፌቷን ትታ፣ በተገኘው መኪና ወደ ኢታንግ ትሄድና ትየርኪዲና ኩሌ የስደተኛ መጠለያዎች አዲስ የገቡትን ሰዎች ስሙን እየጠራች ትጠይቃለች። ከፎቶው በኋላ ግን ለምሳ ስትወጣ፣ ቁርጥራጭ ክር ቀሚሷ ላይ እንደተጣበቀ፣ ወደ እኛ ትመጣ ጀመር።

«ዛሬ ስንት ሰው አየኝ?»

እከፍትላታለሁ። ቁጥሩ ከትናንቱ ይበልጣል። «ደግመህ ክፈት» ትለኛለች፤ እደግመዋለሁ። የማንጎ ወቅት ስለነበር በፌስታል ማንጎ ታመጣልኛለች፤ ጭማቂው እስከ ክንዴ እየወረደ ቁጥር አነብላታለሁ። አንድ ቅዳሜ በረንዳው ላይ አገኘኋትና ኢታንግ ለምን እንዳልሄደች ጠየቅኳት።

«አሁን ፎቶው ይሄድልኛል» አለችኝ።

ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ያ ደስታዬ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ኦጁሉ ገጹ ከየት ከየት እንደተከፈተ የሚያሳየውን መዝገብ ሲያይ ቆየና ጠራኝ። መስመሩ ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድ አድራሻ ነው፤ የእኛው ቢሮ። ቀለም በቀየርኩ ቁጥር ከፍቼዋለሁ፣ ለኛቦል ባሳየሁ ቁጥር ከፍቼዋለሁ። ከዚያ ውጭ ያለችው ጥቂት፣ አዲስ አበባ የሚማረው የሀጂ ልጅ ለጓደኞቹ ሲያሳይ ነው። ኛቦልን ሲያያት የከረመው ሰው ራሷ ኛቦል ነበረች።

«ንገራት» አለኝ ኦጁሉ።

«አንተ ብትነግራት አይሻልም?»

«ቁጥሩን የነገርካት አንተ ነህ።»

ሦስት ቀን በምሳ ሰዓት እየጠፋሁ ተደበቅኳት። በአራተኛው ቀን በረንዳው ድረስ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። የስፌት መኪናዋን አቆመች። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች።

«ስምንት ቅዳሜ ቀረሁ» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «እኔ ብዙ ሰው አልፈለግኩም። አንድ ሰው ነው የምፈልገው» አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በቀጣዩ ቅዳሜ አብሬያት ሄድኩ። ፎቶዋን በብዙ ወረቀት አትሜ፣ ከሥሩ ስሟን ከነአባቷ ስምና የሱቁን ቦታ ጻፍኩበት። ሀጂ «ሂዱ፣ ሱቁ የትም አይሄድም» ብለው ብስኩትና ውሃ አስያዙን። ዝናቡ ጀምሮ ነበርና የኢታንግ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ወርደን መኪናውን ከጭቃ ገፋን። ትየርኪዲ ያሳየነው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ኩሌ ደርሰን ወረቀቱን ውሃ ለመቅዳት ለተሰለፉት ሴቶች ስናድል፣ አንዲት ልጃገረድ ፎቶውን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ጀሪካኗን ጥላ ሮጠች።

ስትመለስ አንድ ረጅም፣ ከሲታ ወጣት በእጁ እየጎተተች ነበር። ፊቱ ቁርጥ ኛቦልን ነው። ኛቦል ስሙን አልጠራችም፤ ፊቱን በሁለት እጆቿ ይዛ ቆመች። በቋንቋቸው ሲያወሩ አንድም ቃል አልገባኝም፤ እኔም ዞር ብዬ አለቀስኩ።

ወንድሟ ከመጠለያው መውጫ ፈቃድ ስላልነበረው ትተነው ስንመለስ መኪናው ውስጥ ነገረችኝ። ጋትሉዋክ እህቱ ጋምቤላ መሆኗን አያውቅም ነበር። ከመጣም ሰንብቷል።

«ከቀረሁት ስድስቱን ቅዳሜ እዚያ ነበር» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

በማግስቱ ቆጣሪውን ከገጹ አወጣሁት። ሀጂ መጥፋቱንም አላወቁም።

ሥራችን ሰውን ማሳየት ነው እያልን እንኮራለን። ማን እንዳየው ግን እምብዛም አንጠይቅም፤ ሰውየውም በሚጨምረው ቁጥር ተጽናንቶ ከመንገዱ ይቀራል። ላፕቶፗን ታቅፋ ለመጣችው ልጅ ይህን ሁሉ ማስረዳት ነበረብኝ፤ ኩርፊያዋን ፈርቼ ተውኩት። ያን ሰኞ ወደ ቤት ስሄድ በሀጂ ሱቅ በኩል አለፍኩ። ኛቦል አሁን የምትሰፋው መነጽር አድርጋ ነው፤ ያ ወረቀት ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኖ ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እንደ ልማዷ ቀና አለች።

«ዛሬ ስንት ሰው አየኝ?»

«አንድ፤ እኔ» አልኳት።

ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ይህን ቀልድ ስንት ዓመት ቀለድነው። ስለ ስድስቱ ቅዳሜ ግን እስከ ዛሬ ሁለታችንም አንስተን አናውቅም።