ጎማ ላይ የተጣለው ማሽኔ

ዛሬ ረፋድ ላይ ጎረቤቶቼ ማሽኔን ሰበሩት።

ያገለገለ ሚሊንግ ማሽን ነው፤ ብረት እየፋቀ ቅርጽ የሚያወጣ። የወፍጮ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ መጠበቅ ቀርቶ እዚሁ አሶሳ፣ ጓሮዬ ውስጥ ልሠራበት ዓመታት ፈልጌ ባምባሲ አገኘሁት።

መንገዱን ሁሉ አይሱዙው ላይ ከጎኑ ቆሜ መጣሁ። አንድ ጭረት አልነካውም።

ቤቴ ስንደርስ የሰፈሩ ሰው ሊረዳኝ ወጣ። «በሰንሰለት ነው የሚወርደው፤ ማንም እንዳይነካው» ብዬ ሰንሰለቱን ላመጣ ገባሁ።

ስመለስ እንደ ነዳጅ በርሜል ገፍተው አሮጌ ጎማ ላይ ጥለውታል። ጎማው አንጥሮት ድንጋይ ላይ ወድቋል። አንገቱ ተሰንጥቋል።

«እንዳይደክምዎት ብለን እኮ ነው፣ አባባ» አለኝ ጎረቤቴ ሐሰን፣ ላቡን እየጠረገ።

«ደከመኝ አልኩህ?»

«ታዲያ ሽማግሌ ሰንሰለት ሲጎትት ቆመን እንይ?»

አክብሮታቸው ከማሽኑ ይልቅ ከበደኝ።

እንዲህ ያለ ብረት ቢበየድም ልኩ አይመለስም። ሐሰን ይህን አያውቅም፤ እኔም አልነገርኩትም። አመስግኜ ሸኘኋቸው።

እናንተም በእርዳታ የተሰበረባችሁ ነገር ካለ ከታች ጻፉልኝ፤ አነባለሁ።

እኔ ግን ስለዚህ ማሽን ለሐሰንም ሆነ ለማንም ዳግመኛ አንዲት ቃል አልተነፍስም።