ለሶልያና የታሰበች ቅዳሜ

ዱባይ ያለውን ያንን የልጆች መዝናኛ ፓርክ ወንጌላዊት በቃሏ ታውቀዋለች። በየትኛው በር ቢገቡ ሰልፉ እንደማያንገላታ፣ የትኛው ዛፍ ከሰዓት በኋላም ጥላ እንደሚሰጥ፣ የትኛው አይስክሬም እጅ ላይ ቶሎ እንደሚቀልጥ ጠይቋት። አንድ ነገር ብቻ አትጠይቋት፤ በአየር ላይ በሚገለባበጠው ባቡር ሲወርዱ ሆድ ምን እንደሚሰማው። እሱን አታውቅም። እሷ እዚያ ትሄድ የነበረው የአሠሪዎቿን ልጆች ጫማና ቦርሳ ታቅፋ አግዳሚ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ነው።

ከሐዋሳ የወጣችው ልጇን ሶልያናን ጡት ባስጣለች ሰሞን ነበር። የልጅቷ አባት ገና እርግዝናውን ሲሰማ "መጣሁ" ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀልጦ የቀረ ሰው ስለሆነ፣ ስለሱ ማውራት ቀለም ማባከን ነው። ልጅቷን የተረከበችው ታላቅ እህቷ ሜሮን ናት። ሜሮን ልብስ ሰፊ ናት፤ መናኸሪያ አካባቢ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የሰፈሩን ሴት ሁሉ ታለብሳለች። የራሷ ልጅ አልነበራትም። ሶልያና አፏን ስትፈታ ከፊቷ ያገኘችው እሷን ነውና "እማ" አለቻት። ስልክ ውስጥ የምትታየውን ሴት ደግሞ ቤተሰቡ "ወንጌላዊት ደወለች"፣ "ወንጌላዊት ላከች" ሲል እየሰማች "ወንጌላዊት" አለቻት።

በእኛ አገር ይህ ብርቅ አይደለም። አያቱን እማዬ፣ የወለደችውን እናቱን ግን በስሟ እየጠራ ያደገ ስንት ልጅ አለ፤ ሰው ይስቅና ያልፈዋል። ወንጌላዊትም በስልክ ትስቅ ነበር። ስልኩ ሲዘጋ መታጠቢያ ቤት ትገባና ለቅሶዋ እንዳይሰማ ውሃውን ትከፍተዋለች።

ያቺ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆና ነው እንግዲህ ሐሳቡ የመጣላት። የአሠሪዎቿ ልጆች ባቡሩ ላይ ሆነው ሲጮኹ እያየች "አንድ ቅዳሜ ልጄን እዚህ አመጣታለሁ፤ አብሬያትም እወጣለሁ" አለች። ለሶልያናም በስልክ ነገረቻት። ሶልያና ያኔ ሁለት ፍሬ ልጅ ነበረች፤ "ነገ ነው?" አለቻት። "ነገ እንኳን አይደለም የኔ ሆድ፤ ግን አንድ ቀን" አለቻት እናትየው። ይህ "አንድ ቀን" የሚባል ቀን ተንኮለኛ ነው። ሲጠሩት አቤት ይላል፤ መምጣት ግን አይወድም።

ተመልሳ ለመኖር ስትመጣ ሶልያና በቁመት በልጣታለች። ወንጌላዊት እዚያው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈር ውስጥ የሕፃናት ልብስ ሱቅ ከፈተች። ዕድል ሲቀልድ እንዲህ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ለልጇ የምትልከው ልብስ ወይ ሲጠብ ወይ ሲሰፋ፣ ሜሮን ስትፈታውና ስትሰፋው ኖራለች፤ ወንጌላዊት አሁን የሰውን ልጅ በር ላይ ስታይ ልኩን ትናገራለች። ሰፋ ያለ ቤት ተከራይተው ሦስቱም አብረው መኖር ጀመሩ። ሶልያና ግን የምትተኛው እንደ ልማዷ ከሜሮን ጋር ነው።

ልጅቷ አትሳደብም፣ አታኮርፍም፤ የታዘዘችውን ትሠራለች። "ወንጌላዊት፣ ሻይ ላምጣልሽ?" ትላለች፤ ስትወጣና ስትገባ ሰላም ትላለች። እንደ ደህና እንግዳ ነበር የምታከብራት፤ ወንጌላዊትን ያንገበገባትም ይኸው ነው። ብትሰድባት ትችለው ነበር።

ስለዚህ የዱባዩን ጉዞ አነሳች። ለሁለት ነው ያሰበችው፤ እናትና ልጅ ብቻ። አርብ ከሐዋሳ ይነሳሉ፣ ቅዳሜን ፓርኩ ውስጥ ይውላሉ፣ እሁድ ይመለሳሉ። የምትፈልገው ነገር ትንሽ ነበር፤ አንድ ጊዜ፣ ባቡሩ ሲወርድ በድንጋጤም ቢሆን፣ ልጅቷ እጇን ይዛ "እማ" እንድትላት።

እራት ላይ የጨው ዕቃውንና ብርጭቆዎቹን ደርድራ ፓርኩን ጠረጴዛው ላይ ሠራችው።

"ይሄ በሩ ነው። በዚህ ስንገባ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ይገኛል። እሱን ለመጨረሻ እንተወዋለን፤ ልብስ ያበሰብሳል። መጀመሪያ የትኛው ላይ ትወጫለሽ?"

"አንቺ ያልሽው ላይ" አለች ሶልያና።

"የኔ ምርጫ ምን ያደርጋል፤ ያንቺ እኮ ነው።"

"እሺ፣ ባቡሩ ይሁን።" ትንሽ ቆይታ ደግሞ "እማም ትሄዳለች?" አለች።

ሜሮን ቶሎ ቀደመች። "እኔ የሠርግ ልብስ አለብኝ። ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ተዘቅዝቄ ምን ላይ ልሰቀል ነው? ሂዱ እናንተ።"

ሶልያና ፈገግ አለች፤ ወንጌላዊትም ያቺን ፈገግታ ለራሷ ወሰደቻት። ሰው የራበው ቀን የሌላውን ድርሻም የራሱ ያስመስለዋል።

የጉዞ ወኪሉ በርናባስ ከወንጌላዊት ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያመልክ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ቢሮው ስትደርስ የሁለቱንም ፓስፖርት ተቀብሎ የቪዛ ቅጹን መሙላት ጀመረ።

"ከዚህ በፊት ዱባይ ገብተሽ ታውቂያለሽ?"

"አንተ ደግሞ! ወጣትነቴን የት የፈጀሁት ይመስልሃል?"

"በዚህ ስም ነው የገባሽው?"

ወንጌላዊት ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ወንጌል ሰባኪ ነበሩ፤ ስሟንም ያወጡት በጸሎት ነው። ያን ጊዜ የላካት ደላላ ግን ስሙን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። "በዚህ ስም ማን ቤቱ ያስገባሻል? ሙንተሃ በይ" አላት፤ በዕድሜዋም ላይ ጥቂት ዓመት ጨመረላት። ስንቷ አልማዝ ከድጃ፣ ስንቷ ትርሲት ዘሃራ ተብላ ሄዳለች! በዚያ ዘመን እንደ ጥፋት የቆጠረው አልነበረም፤ ልክ ለመንገድ ልብስ እንደ መቀየር ነበር። ስትመለስ በእውነተኛ ስሟ አዲስ ፓስፖርት አወጣችና "ሙንተሃ" የምትባለውን ሴት እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ ጥያት መጣሁ ብላ አመነች። አላሰበችም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ እሷ ደግሞ መልቀሚያ እንኳን አላገኘችም።

በርናባስ መነጽሩን አወለቀ። "ስትገቢ ዓይንሽን በካሜራ አንስተውታል?"

"አዎ፣ ሁላችንንም ያነሱናል።"

"እንግዲህ እህቴ፣ ስም ይቀየራል፤ ዓይን አይቀየርም። አንድ ዓይን በሁለት ስም ቢያገኙ ከበር ሊመልሱሽ ይችላሉ። ሊያስሩሽም ይችላሉ። ላይሆንም ይችላል፤ እኔ አላውቅም። ልጅ ይዘሽ ግን ሞክሪው አልልሽም።"

"ብቻዋንስ?"

"ብቻዋን እንዴት ይሆናል፤ ዕድሜዋ ገና አልሞላም። ሌላ አዋቂ ሰው ይዟት ይሂድ። እህትሽ ፓስፖርት አላት አይደል?"

አላት። አንድ ጊዜ ሜሮን ዱባይ ድረስ ሄዳ ልትጠይቃት አስባ፣ ወንጌላዊት ራሷ ናት ያስወጣችላት።

ከዚያ ወጥታ ሱቋን ሳትከፍት በእግሯ ሐይቁ ዳር እስካለው አሞራ ገደል ወረደች። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን እየጎተቱ ነበር፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ፍርፋሪያቸውን ይጠብቃሉ። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ውሸት አሰበች። ቪዛው ተከለከለ ብትላቸው ማን ያውቃል? ጉዳዩ እዚያው ይሞታል። ለሜሮን ብትሰጣት ግን ልጅቷ ቃል የተገባላትን ታያለች። ይህኛው ደግ ሐሳብ ነው፤ ደግ ሐሳብ ግን አንዳንዴ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል። ባቡሩ ሲወርድ ሶልያና የሜሮንን እጅ ይዛ "እማ!" ስትል ታያት። ያቺ ፓርክ የሷ ነበረች። ሜሮን ሁሉንም ወስዳለች፣ የመጀመሪያዋን ጥርስ፣ የመጀመሪያዋን የትምህርት ቀን፤ ይቺን አንዲት ቅዳሜ እንኳን ልትወስድ? እንዲህ ብላ ቀናች። ወዲያው ደግሞ ያሳደገችላትን እህቷን ልትመቀኝ በመብቃቷ አፈረች። እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ቤት ስትገባ ቁርጧን አውቃ ነበር። ምሳ ቀርቧል።

"ሜሪ፣ የሠርግ ልብሱን ለሰው ስጪና ሶልያናን አንቺ ይዘሻት ሂጂ" አለች ገና ሳትቀመጥ።

"ምን ሆነሽ ነው? አበድሽ?" አለች ሜሮን።

"እኔ መግባት አልችልም። ያ የስም ጉዳይ አለ።"

ሜሮን ነገሩ ገባት። ሶልያና ግን የስም ጉዳይ የሚባል ሰምታ አታውቅም። ሁለቱን እያፈራረቀች ታያቸው ጀመር።

"የምን ስም?"

ወንጌላዊት ነገረቻት። ስለ ደላላው፣ ስለ ሙንተሃ፣ ስለ ካሜራው፤ አንድም ሳታስቀር። አባቷ በጸሎት ያወጡላትን ስም ጥላ ሌላ ሰው ሆና መኖሯን ለልጇ መናገር ከባድ ይሆናል ብላ ፈርታ ነበር። የከበደው ግን ሌላ ሆነ።

"እና እዚያ ሁሉም ሙንተሃ ነበር የሚሉሽ?" አለች ሶልያና።

"አዎ።"

"ልጆቹም?"

"ልጆቹም። ትንሹ ብቻ እንቅልፍ ሲመጣበት 'ማማ' ይለኝ ነበር።"

እንደ ጨዋታ ነበር የጀመረችው። ካፏ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለች የገባት። ሜሮን ጉርሻዋን ወጭቱ ላይ መለሰችው።

"አንቺስ ምን ትይው ነበር?" አለች ሶልያና ቀስ ብላ።

"ስሜ ሙንተሃ ነው እለው ነበር" ማለት ይቻል ነበር። ከእንግዲህ ግን ይቺን ልጅ አልዋሽም ብላ ነው የገባችው።

"አቤት እለው ነበር" አለች።

ሶልያና አልጮኸችም። ዓይኗ ብቻ ቀላ። ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰ ውሃ ነበር፤ በጣቷ ወዲያና ወዲህ ስታደርገው ቆየችና እንዲህ አለች፦

"እኔ ትንሽ እያለሁ በየቀኑ እጠይቅ ነበር። መቼ ነው የምትወስደኝ እያልኩ አለቅስ ነበር። እማ አሞራ ገደል ወስዳኝ ጀልባ ላይ ታስቀምጠኝና ባቡሩ ይሄ ነው ትለኝ ነበር። ከዚያ ተውኩት።" አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "አሁን እሺ ያልኩሽ አንቺ ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው፣ ወንጌላዊት። ካንቺ ጋር ካልሆነ እዚያ ሄጄ ምን አደርጋለሁ? ከእማ ጋር እንደሆነ ሁልጊዜም ነኝ።"

"ሶሊ!" አለች ሜሮን።

"ተያት" አለች ወንጌላዊት። "ልክ ናት።"

ልጅቷ ተነስታ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች። የወንጌላዊትንም ሳህን አነሳች፤ "ጨርሰሻል?" ብላ በትህትና ጠይቃ ነው ያነሳችው። ወንጌላዊት አንዲት ጉርሻ አልቀመሰችም ነበር፤ ግን "አዎ ጨርሻለሁ" አለቻት። ሜሮን አንገቷን አቀፈቻት። ሁለቱ እህትማማቾች እንዲያ ተቃቅፈው፣ ከውስጥ ሳህን ሲታጠብ እየሰሙ፣ ለረጅም ሰዓት ተቀመጡ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቋ ውስጥ ሆና ለበርናባስ ደወለች። ጉዞውን እንዲተወው ነገረችው።

"የሁለቱንም?" አለ።

"የሁለቱንም።"

በርናባስ አዘነላት። ጥሩ ሰው ነው፤ ነገሩን ሊያቀልላት ፈለገ።

"ተስፋ አትቁረጪ እህቴ፤ የስሙን ጉዳይ የሚያስተካክል ጠበቃ አይጠፋም። ዓመት ሁለት ዓመት ቢፈጅ ነው። ከዚያ ይዘሻት ትሄጃለሽ፤ ለሌላ ጊዜ ብለን እንያዘው?"

"አይ በርናባስ" አለችው። "ያቺ ልጅ የለችም። አድጋለች።"