አባዬ የተከለው እሾህ

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ ቀጨኔ

ኪዳን እየደረሰ ነው፤ እኛ በመኪና ቁልቁለቱን እየወረድን። ከፊት አባዬ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። መሪውን የያዘው የሰፈራችን ልጅ ተሾመ ነው።

አባዬ በወጣትነቱ አፋር ውስጥ በአንድ የጥጥ እርሻ ችግኝ ይተክል ነበር። በረሃውን ያለመልማል ተብሎ ከውጭ የመጣ እሾሃማ ቁጥቋጦ። ስለ ዛፎቹ ሲያወራ ነው ያደግነው። ዛሬ ላሳየው እየወሰድኩት ነው።

"ውሃ አይፈልግም እኮ! ራሱን ችሎ ያድጋል" ይለዋል ተሾመን።

ረፋድ፣ መተሐራ

ሙቀቱ ፊታችንን መታን። መንገድ ዳር ሐብሐብ አስቆርጠን ቆመን በላን። አባዬ ጋቢውን አጥፎ አስቀመጠ፤ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል።

ከቀትር በኋላ፣ ከአዋሽ ማዶ

መንገዱ ግራና ቀኙ አረንጓዴ ግድግዳ ሆነ። ሰው አያሳልፍም።

"አባዬ፣ ይሄ ነው?"

"እሱ ነው... ግን እኛ የእርሻውን ዳር ብቻ ነበር የተከልነው።"

የሚያውቀው መንደር ጋ ስንደርስ መንደሩ የለም። እሾሁ መሃል አንድ የቆርቆሮ በር ብቻውን ቆሟል፤ ግንድ በስቶት አልፏል።

ፍየል የሚነዳ ሽማግሌ መጣ፤ አሊ ይባላል።

"የወንድሜ ቤት ነበር" አለን። "ይሄ ነገር አይሞትም። ሥሩ ውሃ እስኪያገኝ ይወርዳል። ስትቆርጠው ከጉቶው በዝቶ ይወጣል። ፍየሎቹ ፍሬውን ይበላሉ፤ ዘሩ ሳይፈጭ ከበጠጣቸው ጋር ወድቆ ይበቅላል። ሳሩን ጨረሰው። ከብቱ አለቀ፣ ሰውም ሄደ። በደርግ ጊዜ ስለመጣ የደርግ ዛፍ እንለዋለን። ማን እንደተከለው አላውቅም።"

"እኔ ነኝ" አለ አባዬ።

ተሾመ ክንዴን ያዘኝ። አሊ ዱላውን ጠበቅ አደረገ።

"ለምን?"

"ጥላ ይሆናችኋል ብዬ። እውነቴን ነው።"

አሊ እሾሁ ዳር ወዳለች ጎጆው ሄደ። ዶማ አምጥቶ አባዬ እግር ሥር ጣለው።

"እንግዲያው ንቀለው።"

አባዬ ጎንበስ ብሎ አነሳው። "ተው አባዬ!" ብለው አልሰማኝም። አንዱን ጉቶ ያዘ። ከአፈሩ በታች ካልተቆረጠ ተመልሶ ይበቅላል፤ አሊ በጣቱ ያሳየዋል። አባዬ ሲደክመው ተሾመ ተቀበለው፣ ከዚያ እኔ፣ በመጨረሻ አሊ ራሱ። ጉቶው ሲነቀል ጀንበር አዘቅዝቃለች። አሊ የግመል ወተት አመጣ፤ መጀመሪያ የሰጠው ለአባዬ ነው።

እሁድ አመሻሽ፣ ቀጨኔ

አሊ ጋ አድረን ተመለስን። ቤት ስንደርስ አባዬ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። መዳፉ ተልጧል።

"የአሊን ስልክ ቁጥር ይዣለሁ" አለኝ። "በሚቀጥለው ወር እመለሳለሁ። ተሾመም እሺ ብሎኛል።"

"በዚህ ዕድሜህ? ያ ሁሉ ጫካ አባዬ፣ መቼ ሊያልቅ?"

"አያልቅም" አለ። "ውሃ አምጪልኝ።"

ለብ ያለ ውሃ አመጣሁና እጁ ላይ አፈሰስኩለት። ሲያቃጥለው ዓይኑን ጨፈነ፤ እጁን ግን አልሰበሰበም።