አስተዳዳሪው ሚስታቸውን ያቀፉ ዕለት

ገና የሦስተኛ ክፍል ተማሪ፣ የፊት ጥርሴ የወላለቀ ልጅ ሳለሁ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ የምንሮጠው ወደ እማማ ውባለም ግቢ ነበር። ከተማችን ከገንዳ ውሃ ወደ ጠረፉ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች፣ ከጫፍ እስከ ጫፏ በአንድ ትንፋሽ ተሩጦ የምታልቅ ትንሽ ከተማ ነበረች። ቆላ ነውና ሙቀቱ ቤት አያስቀምጥም፤ ሲመሻሽ ሰው ሁሉ አንገረቡን፣ ያን በገመድ የተጠለፈ የሱዳን አልጋ፣ ደጅ አውጥቶ ነፋስ ይጠብቃል። እማማ ውባለም ልጅ ያልወለዱ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ እርጅና ያላጎበጣቸው ሴት ነበሩ። እሳቸው አንገረባቸው ላይ፣ እኛ ከእግራቸው ሥር እንኮለኮላለን። ለትንኝ ብለው የሚያጨሱት የሰሊጥ አገዳ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ ፍሙ ላይ የማሽላ እሸት እየተንጣጣ፣ ከግራሩ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለው ፋኖስ የፊታቸውን ግማሽ ብቻ እያበራ፣ ያኔ ያ ድምፃቸው ሲጀምር ዓለም በሙሉ ጆሮውን የሰጠን ይመስለኝ ነበር።

ተረት ሞልቷቸው ነበር። የአንበሳውንም የመነኩሴውንም ይነግሩናል። አንዱን ግን ሌላው ሁሉ አልቆ እንኳ ካልለመንናቸው አይነግሩንም።

«በአንድ አገር አንድ ገዢ ነበሩ» ይላሉ። «ሚስታቸውን በጣም ይወዱ ነበር። ግን ሰው ፊት አንድ ቀን እንኳ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። ገዢ ለሚስቱ ሲሳሳ ከታየ ሕዝብ ይንቀዋል ብለው ያምኑ ነበራ። ኋላ መንግሥት ተለወጠ። ገዢው መሰደድ ግድ ሆነባቸው። ጓንግ ወንዝ ዳር አሽከሩም፣ ዘመዱም፣ አገሬውም ሊሸኛቸው ቆሟል። ሚስትዮዋም ቆማለች። ገዢው ወደ እሷ መጡ፣ መጡና አጠገቧ ሲደርሱ ዘወር ብለው የበቅሏቸውን ኮርቻ ማጥበቅ ጀመሩ። አጠበቁ፣ አጠበቁ። ከዚያ ‹በሩን ደህና አድርገሽ ዝጊ› አሏትና ተሻገሩ።»

«ከዚያስ?» እንላለን ሁላችንም ባንድ ድምፅ።

«ተሻገሩ። አለቀ።»

«ኧረ እማማ! ተረት እንዲህ አያልቅም!»

«ይኸኛው ያልቃል» ይሉና እሸቱን ያገላብጣሉ። እኔ ቤት ገብቼም ስለ ገዢው እናደድ ነበር። ኮርቻ ማጥበቅ ምን ይባላል?

በዚያ ዓመት የወረዳችን አስተዳዳሪ አቶ ይርጋ የሚባሉ፣ ረጅም፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ነበሩ። በመንገድ ሲያልፉ ሻይ ቤት የተቀመጠው ሰው ሁሉ ብድግ ይላል። ሚስታቸው ሰናይት ደግሞ የእኛ አስተማሪ ነበረች። ቲቸር ሰናይት እያስተማረች የምትስቅ፣ ስትስቅም በእጇ አፏን የማትሸፍን፣ ከስልሳ ሁለት ልጅ ያንዳችንንም ስም የማትስት ሰው ነበረች። ሁለቱ አንድ ቤት ይኖራሉ ሲባል ማመን ያቅተን ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ሲወጡ እንኳ እሳቸው ከሽማግሌዎቹ ጋር ፊት ፊት ይሄዳሉ፣ እሷ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ትመጣለች።

መስከረም ላይ ቲቸር ሰናይት ታመመች። መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ፤ ኋላ ካላዛር ሆኖ ተገኘ፣ ያ ሰውን ቀስ በቀስ አክስቶ የሚጨርስ የቆላ በሽታ። ሁለት ሰዎች ደግፈው አምቡላንስ ውስጥ ሲያስገቧት በአጥሩ ቀዳዳ አይቻታለሁ፤ ቀሚሷ ከላይዋ ላይ ይውለበለብ ነበር። ወደ ጎንደር ወሰዷት። ለጥቂት ሳምንት በስልክ ወሬዋ ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ፣ ወሬዋም አብሮ ጠፋ። አንድ ቀን ከጎንደር የመጣ መንገደኛ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ «አርፋለች ሲሉ ሰማሁ» ብሎ ሄደ፤ እርግጡን የሚያውቅ ግን አልነበረም። ያን ዕለት እንዴት እንዳለቀስኩ!

አቶ ይርጋ ግን አንድ ቀን ከሥራ አልቀሩም። በስብሰባ ላይ አንድ ሰው ደፍሮ «ባለቤትዎ እንዴት ሆኑ?» ብሎ ጠየቃቸው አሉ። «ሕክምና ላይ ናት። ወደ አጀንዳችን እንመለስ» ብለው መለሱ። አባቴ ይህን እራት ላይ ሲያወራ ደስ ብሎት ነበር። «መሪ ማለት እንዲህ ነው! የቤቱን ነገር ቤቱ የሚተው።»

እናቴ «ልቡስ?» አለችው።

«ልብ ለአደባባይ አይወጣም» አለ አባቴ።

እኔ ሰውየውን ጠላኋቸው። የተረቱ ገዢ ከነኮርቻቸው ከወንዙ ተመልሰው እኛ ከተማ የተሾሙ መሰለኝ።

ኅዳር ገባ። የሰሊጥ አጨዳው ደርሶ ከተማው ከደጋ በመጡ የቀን ሠራተኞች ተጥለቀለቀ። በየማሳው የሚነሣውን እሳት እንዴት እንደምንከላከል ሊነገር ሕዝቡ ሁሉ በመኪና ማቆሚያው አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ተጠራ። እኛ ተማሪዎችም መዝሙር ልናቀርብ ተሰልፈናል። ወንዶቹ ባንድ ወገን፣ ሴቶቹ ባንድ ወገን ተቀምጠዋል። አቶ ይርጋ ሹማምንቱ ጠረጴዛ ከበው ከተቀመጡበት መድረክ ላይ ማይክራፎን ይዘው ሲናገሩ ድምፃቸው በሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ከተማውን ይሞላዋል።

በዚህ መሐል የጎንደሩ ቅጥቅጥ አውቶቡስ አቧራውን እየጎተተ መጥቶ ከፊት ለፊታችን ቆመ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ በሩን ከፈተ። አንድ ሁለት ሠራተኞች ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወረዱ። ከዚያ አንዲት ቀጭን ሴት፣ ፀጉሯን በሻሽ የጠቀለለች፣ የበሩን ብረት በሁለት እጇ ይዛ፣ አንድ እግሯን አውርዳ፣ ትንሽ አረፍ ብላ፣ ሁለተኛውን አወረደች። ቀና ስትል ሳቀች። አፏን አልሸፈነችም።

«ቲቸር!» ብዬ ጮኽኩ። እኔ ነኝ መጀመሪያ የጮኽኩት፤ እስከ ዛሬ በዚህ እኮራለሁ።

አቶ ይርጋ «ስለዚህ ማንኛውም ሰው ማሳ ውስጥ ሲጋራ...» ብለው ቃላቸውን አልጨረሱትም። ዞሩ። ማይክራፎኑ አፋቸው ላይ እንዳለ ከሁለቱ ድምፅ ማጉያ አንድ ቃል ወጣ።

«ሰናይት!»

እንዲህ ያለ ድምፅ ከሳቸው ይወጣል ብሎ ማን ይገምታል! ማይክራፎኑን ጣሉት፤ መሬት ላይ ወድቆ ጮኸ። ከመድረኩ ዘለሉ። በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሹማምንት እግራቸውን ሰበሰቡ። አቶ ይርጋ ሮጡ፣ እንደ ልጅ ሮጡ፣ አንድ ጫማቸው ወልቆ አቧራው ውስጥ ቀረ፤ ደረሱና አቀፏት። ከመሬት ያነሷት ሁሉ ይመስለኛል። ግንባሯን ሳሙ፣ ጉንጮቿን ሳሙ፣ ከሲታ እጆቿን ይዘው እያገላበጡ ሳሙ፤ እያለቀሱ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት እያለቀሱ! እሷም አንገታቸው ሥር ገብታ እኛ ሰምተነው የማናውቀውን የቤት ስማቸውን ትጠራ ነበር።

ከዚያ ከሴቶቹ ወገን አንድ ቀጭን፣ ስል እልልታ ተነሣ። ዞር ስል እማማ ውባለም ቆመዋል፤ ብቻቸውን፣ አንገታቸውን ወደ ላይ ሰቅለው እልል ይላሉ። እኛ ልጆች መዝሙሩንም ሰልፉንም ትተን እየጮኽን ወደ ቲቸር ሮጥን።

ደስታው ገና ሳይበርድ አባቴ ተነሣ። «አቶ ይርጋ» አለ፣ «እኛ እርስዎን የምናከብረው በኮስታራነትዎ ነበር። ባለቤትዎን እግዜር ማረልን፣ ደስ ብሎናል። ግን ቤት አለ፣ መጋረጃ አለ። ከደጋ የመጣው ሠራተኛ፣ ሕፃኑ፣ ሁሉ እያየ? ነገ ይህ ሰው ሲያዝዘን ማን ይታዘዛል? እኔ ለዞን እንጻፍ ባይ ነኝ።»

«እውነት ነው» የሚሉ ድምፆች ከወንዶቹ ወገን ተሰሙ። አንድ ሁለት ሰዎች እንዲያውም ከሥራው ይነሣ አሉ። እኔ የቲቸር ሰናይትን ቀሚስ ጫፍ ይዤ አባቴን እያየሁ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

«አንተ አድማሱ» አሉት እማማ ውባለም፣ አሁንም እንደቆሙ። «ተቀመጥ እስቲ፣ ልጄ።»

አባቴ ተቀመጠ።

«የኔ ባለቤት ይህን አገር ሲገዙ አባትህ ጠመንጃ ተሸክሞ ይከተላቸው ነበር፤ ታውቃለህ። ሰው ይፈራቸው ነበር፣ ያከብራቸው ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት በትዳር ስንኖር በሰው ፊት ስሜን አልጠሩም። የተሰደዱ ለት ጓንግ ዳር ቆሜ ነበር። እናንተ ሰው ሁሉ ቆማችኋል፣ አንተም በእናትህ ጀርባ ታዝለህ ነበር። አጠገቤ ድረስ መጥተው ኮርቻ አጠበቁ። በሩን ዝጊ ብለውኝ ተሻገሩ። ሱዳን ምድር ሞተው ቀሩ፤ መቃብራቸውን አላውቀውም። ያን ለት ቢያቅፉኝ ኖሮ ማን ይንቃቸው ነበር? ንገረኛ፣ አድማሱ! የናቃቸው ቢኖርስ ዛሬ የት አለ? እኔ አለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ያችን አንዲት ነገር አጥቼ ያለሁት እኔ ነኝ።»

እኛ ልጆች እርስ በርስ ተያየን። ያ ተረት! ለካ «አለቀ» የሚሉን ስለዚህ ነበር። ከዚያ ወዲያ እሳቸውም የሚያውቁት አልነበረም።

አቶ ይርጋ በአንድ እግራቸው ካልሲ ብቻ ወደ መድረኩ ተመለሱ፣ የሚስታቸውን እጅ ሳይለቁ። ማይክራፎኑን አንሥተው አቧራውን እፍ አሉት። «ንግግሬን ስላቋረጥሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አሉ። «ሚስቴን ስላቀፍሁ ግን አልጠይቅም። ለዞን የሚጽፍ ካለ ይጻፍ፣ እኔም እፈርምበታለሁ።»

መጀመሪያ ከደጋ የመጡት ሠራተኞች ሳቁ፣ ከዚያ አጨበጨቡ፤ ከዚያ እልልታው ዛፉን አናወጠው። አባቴ ትንሽ አቀርቅሮ ቆየ። ኋላ ተነሥቶ በሕዝቡ መሐል አቋርጦ መጣና ኮፍያውን አውልቆ ለቲቸር ሰናይት አጎነበሰ። «እንኳን እግዜር አተረፈሽ» አላት። ለዞን የጻፈም የለም።

በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ፣ የሰሊጥ አገዳው ገና ሳይጨስ፣ እማማ ውባለም እግር ሥር ተኮልኩለን ነበር። አንዳችንም ተረት አልጠየቅንም። በመጨረሻ እኔ ደፈርኩ። «እማማ፣ እሳቸው ግን ክፉ ሰው ነበሩ?»

ፍሙን በእንጨት ቆስቆስ አደረጉት። «ኧረ የኔ ልጅ! ክፉስ አልነበሩም። ፈርተው ነው። እኔም ፈርቼ። ሁልጊዜ ተረቱን ስነግራችሁ እሳቸውን አስወቅሳቸዋለሁ፤ እንጂ አጠገቤ ቆመው ሳለ እኔስ እጅ የለኝም ነበር? ዘርግቼ መያዝ አቅቶኝ ነው?»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። እማማ ውባለም አርፈዋል፤ አቶ ይርጋና ቲቸር ሰናይት ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውረው ሄደዋል። አሁን በየስልካችን አንዱ መሪ የሚስቱን እጅ ይዞ፣ ሌላው ጉንጯን ስሞ ሲታይ ሰው ይከራከራል፤ አንዱ ለካሜራ ነው ይላል፣ ሌላው ፍቅር ነው ይላል፣ ሌላው ነውር ነው ይላል። እኔ ማንኛው ልክ እንደሆነ አላውቅም፤ የሰው ልብ በስልክ አይታየኝም። እኔ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ማን እንደሚያየው ሳያይ የሮጠ። ከዚያ ሁሉ ተረት ይልቅ የቀረልኝም የእማማ ውባለም ያ የመጨረሻ ጥያቄ ነው።

ባለቤቴ የትራክተር መካኒክ ነው። ባለፈው ዓመት አጨዳ ሲደርስ ለሁለት ወር ወደ አብደራፊ ሊሄድ ገንዳ ውሃ መናኸሪያ ሸኘሁት። መንገዱ ያሳስበኝ ነበር፣ በዚያ ሰሞን ሁሉንም ሰው ያሳስብ ነበር። የመሣሪያ ሳጥኑን ካስጫነ በኋላ እንደ ልማዱ «በይ እንግዲህ» ብሎ ዘወር ሲል፣ በትከሻው ይዤ አዞርኩትና በሹፌሩም፣ በሻይ ሻጮቹም፣ በባጃጆቹም ፊት አቀፍኩት። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ኧረ ሰው እያየን ነው» አለኝ።

«ይየን» አልኩት።